ዜሮ ነጥብ ዜሮ

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታም አሥራ ሁለት፣
ደቻቱ እወርዳለሁ፣ ሜትሩ ወዳለበት።
ወንዙን ደጅ እጠናለሁ እንደ ትልቅ ጌታ፤
ጠዋት አልገባም፣ አይገባም ለማታ።
አሸዋ ነው ያለው፤ የጫት ገራባ ነው፣
ነጠላ ጫማ ነው ባለቤት የሌለው።
እኔም እጽፋለሁ በሰማያዊ ቀለም፦
ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ሌላ የሚባል የለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ስቆጥር ኖሬ፣
በዜሮ አደገ ልጄ፣ በዜሮ ቆመ አጥሬ።
የሳቢያን ጎረቤት ይቀልዳል በኔ ነገር፦
«ሙሜ፣ ዛሬስ ስንት ገባ የአሸዋው ባሕር?»
አይፈረድበትም። የማያውቀው ግና
ዜሮም ይለካል፤ ዜሮም አለው ቁመና፤
ሄደው ካላዩት ዜሮ፣ ዜሮ አይደለምና።

በዓመት አራት አምስቴ፣ ደንገጎ ሲጠቁር፣
ከላይ ስልክ ይመጣል፣ «ዘነበ!» የሚል አጭር።
ያኔ ነው ወንዝ የሚሆን፤ ግንድ ይዞ፣ በርሜል ይዞ፣
የሰው አጥር ይዞ፣
አንዳንዴም ሰው ይዞ።
ያኔ ቁጥር ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ሁለት ነጥብ አራት። ሦስት ነጥብ አንድ። ሽቅብ ይወጣል።

ባለፈው ሚያዝያ ነው ረምዚያ የመጣችው፣
ከዩኒቨርሲቲ፣ ላፕቶፕ ያነገበችው።
ደብተሮቼ ሁሉ ጠረጴዛ ሞሉ፤
ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳች፣ አሥራ ዘጠኙን በሙሉ።
«ሞዴል ነው» አለችኝ፤ «የዝናቡን ልክ፣ የዳገቱን ቁልቁለት፣
የአፈሩን ጥም ሳይቀር አስገብቼለት፣
ወንዙ ሳይመጣ በፊት ሰዓቱን ይናገራል፤
መጋላ ለተኛ ሰው ‹ተነሳ› ይለዋል።
ለጤና ቢሮም ይሆናል፤ ውሃው ሲጎድል
ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ ኩሬው ትንኝ ይፈለፍላል፤
ትንኙ ትኩሳት ነው በሦስተኛው ሳምንት።»
ዝም አልኩ። አውቀዋለሁ ያንን ትኩሳት።

ስክሪኑ ላይ ነጥቦች እንደ ጤፍ ተበትነው፣
መሃላቸው አንድ መስመር ጎበጥ ብሎ ሲያልፍ አየነው።
«እያንዳንዱ ነጥብ እርስዎ ነዎት» አለች።
ደረቴ ውስጥ አንዲት ነጥብ ተንቀሳቀሰች።

«ልጄ» አልኳት፣ «ስሚኝ። ዓመቱ ይቅር፣ ወሩ መስከረም ነው፤
ደንጊ ይዞኝ ነበር፣ አጥንት የሚሰብረው።
ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አለ ቴርሞሜትሩ፤
ዞረብኝ ጣሪያው፣ ከነቆርቆሮው፣ ከነማገሩ።
ሦስት ቀን አልወረድኩም። በአራተኛው ተነሳሁ፤
ደብተሩን ብገልጠው ስድስት ባዶ ሳጥን አየሁ።
አፈርኩ። ባዶ ሳጥን ሰነፍ ያስመስላል፤
ዜሮ ግን ሰው ያለው፣ የተሠራ ይመስላል።
ስድስት ዜሮ ሞላሁ፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም።
ወንዙ ግን መጥቶ ነበር፣ በሌሊት፤ ያየው የለም።
ኋላ ብወርድ ጊዜ አሸዋው ሲናገር፣
ጉልበት ድረስ ደለል ከሜትሩ ሥር ነበር።
አንዲት ፍየል ሄዳለች፤ ሰው አልሞተም፣ አላህ ይመስገን።
ግን የመጣን እንግዳ አልመጣም ማለት… ምን ይባላል በእኛ ወገን?»

ረምዚያ አልተቆጣችም። ቁልፍ ነካች፣ አየች።
«ምናልባት አንዷ ናት የተሳሳተች» አለች።
«ስድስቱም» አልኳት። «አላየሁም።»
«ከአሥራ ሦስት ሺህ መሃል ስድስት፣ መስመሩን ንቅንቅ አታደርግም።
ለዚህም ስም አለን፣ አይጨነቁ፤
ስሕተት እንለዋለን ከመስመሩ የሚርቁትን።»

ስሕተት! አልኩ በሆዴ። ውሸቴ ስም ወጣላት፤
የባዕድ ፊደል ለበሰች፣ ማደሪያ ተሰጣት።
ብትወቅሰኝ በተሻለኝ። ስንት ዓመት ያዘልኳት ድንጋይ
ጠጠር ሆና ተመዘነች፤
ቀሎ ማየት ይከብዳል፣ የኖሩበትን ሥቃይ።

ሄደች። ሞዴሏም በሐምሌ ተፈትኖ፣
አንዴ ልክ መጣ፤ አንዴ ዘገየ፣ ሃያ ደቂቃ ሆኖ።

እኔ ዛሬም ወርጃለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት።
ሜትሩ አናት ላይ ቁራ አለ፣ ተመችቶት።
አሸዋ። ገራባ። ነጠላ ጫማው የለም፤ ባለቤት መጣለት?
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ጻፍኩ።
«አስተያየት» በምትለው፣ ማንም በማይሞላት
ጠባብ ዓምድ ውስጥ ግን፣ ከዚያች ቀን ጀምሬ፣
ሁለት ቃል እጨምራለሁ፣ ሳልዘል እስከ ዛሬ፦

ሄጄ አየሁ።